ከምሕንድስና ንድፍ ፎቶግራፍ መሰል ምስል የማውጣት ዘዴ

የምሕንድስና ንድፍና ፎቶግራፍ የየራሳቸው ተግባር እንዳላቸው የታወቀ ነው። ንድፉ የአንድን ዕቃ ልክና ቅርጽ ለሠሪው ያስረዳል፤ ፎቶግራፉ ደግሞ የተሠራውን ዕቃ መልክ ለተመልካች ያሳያል። ስለዚህም ለረጅም ዘመን ዕቃው ሳይሠራ ፎቶግራፉ ሊገኝ አይችልም ነበር። ዛሬ ግን በኮምፒዩተር ከተዘጋጀ ንድፍ ተነሥቶ፣ ገና ያልተሠራን ዕቃ ፎቶግራፍ የተነሣ አስመስሎ ማሳየት ተችሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሠራሩን ደረጃዎች ባጭሩ ማስረዳትና ለንድፍ ትምህርት ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

ንድፉ የያዘው መረጃ ለምስሉ መነሻ ይሆናል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ሥራው የሚሟላው በሚከተሉት አራት ደረጃዎች ነው።

ሀ. ቅርጽ፦ በንድፉ ውስጥ የዕቃው ገጽ የሚገለጸው በሒሳብ ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ የነበሩት ፒየር ቤዚዬ ያስፋፉት የጎባጣ መስመሮች ስሌት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ምስል አውጪው ፕሮግራም ይህን ገጽ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። ክፍልፋዮቹ ትልልቅ ከሆኑ ክብ የሆነው የድስት አፍ ማዕዘን የበዛበት ሆኖ ይታያል።

ለ. ጠርዝ፦ በንድፍ ላይ ሁለት ገጾች የሚገናኙበት ጠርዝ ፍጹም ስል ሊሆን ይችላል። በእጅም ሆነ በማሽን የተሠራ ዕቃ ጠርዝ ግን ጥቂትም ቢሆን የዶለዶመ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ቀጭን የሚያበራ መስመር ይታያል። ይህ መስመር ከጎደለ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ ምስሉን ይጠራጠራል።

ሐ. የገጽ ባሕርይ፦ ንድፉ «ብረት» ብሎ ቢመዘግብም የተወለወለ ይሁን ሻካራ ላይናገር ይችላል። የተወለወለው እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ ሻካራው ግን ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ስለሆነም የእያንዳንዱ ክፍል ቀለም፣ ልስላሴና ብርሃን አሳላፊነት በባለሙያው መወሰን አለበት።

መ. ብርሃንና ካሜራ፦ በመጨረሻ በስሌቱ ውስጥ መብራትና ካሜራ ቦታ ይሰጣቸዋል። ኮምፒዩተሩም ጨረሮችን ከካሜራው ወደ ዕቃው በመላክና መንገዳቸውን እስከ ብርሃኑ ምንጭ በመከተል የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ያሰላል። ተርነር ዊትድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ጥናት ነጸብራቅንና ጥላን በዚህ መንገድ ማሳየት እንደሚቻል አስረዳ፤ ጄምስ ካጂያ ደግሞ በ1986 የብርሃንን ዝውውር በአንድ እኩልታ ጠቀለሉት። የጨረሮቹ ቁጥር ካነሰ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲበዛ ይጠራል፣ ጊዜም ይፈጃል።

በስዊድን የተመሠረተው የቤት ዕቃ ድርጅት ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ2006 «በርቲል» የተባለውን ወንበር ምስል በዚህ ዘዴ አዘጋጀ። ሥራው ሲስፋፋም የኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ ፎቶግራፍ ማንሣትን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎቹም የኮምፒዩተሩን ሥራ እንዲማሩ አደረገ። በ2014 እንደተገለጸው ከምርት ምስሎቹ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ነበሩ። ከዚህም መረዳት የሚቻለው መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃና ብርሃንን አስተውሎ የሚመለከት ዓይንም መሠልጠን እንዳለበት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ምስሉ የዕቃውን መልክ ያሳያል እንጂ ጥንካሬውን አያረጋግጥም። እግሩ ሸክም የማይችል ወንበርም እንደ ጠንካራው ወንበር አምሮ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ያማረ ምስል ይዞ ሲቀርብ መምህሩ ውበቱን ብቻ አይቶ ነጥብ ከመስጠት ተቆጥቦ፣ ልኩን፣ መገጣጠሚያውንና የተመረጠውን ማቴሪያል ከንድፉ ላይ እንዲያስረዳ ሊጠይቀው ይገባል።

ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ለዚህ ሙያ መሠረት መጣል ይቻላል። አንድ የሸክላ ጀበናና አንድ የብረት ማንኪያ በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ፣ ብርሃኑ የት እንዳረፈ፣ ጥላው የት ላይ ደምቆ የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ማንኪያው የመስኮቱን ምስል ሲያሳይ ጀበናው ለምን እንደማያሳይ ተማሪዎች ተመልክተው እንዲጽፉ ማድረግ በቂ መነሻ ነው። ይህን የለመደ ተማሪ መሣሪያው በተገኘ ጊዜ በንድፉ ላይ ምን መጨመር እንዳለበት ያውቃል፤ ሌላው የሠራው ምስል ሲቀርብለትም ያልታየው ምን እንደሆነ ይጠይቃል።