የአንጎል ዕጢ ጉዳይ፦ አንዱ ኢንዛይም፣ ሁለት መልክ

“ስኳር ካንሰርን ይመግባል” የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። ዛሬ የማወራችሁ ስኳር ግን ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። እያንዳንዱ ሴላችን ላዩ ላይ እንደ ሳር የበቀሉ የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። ሴሉ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዘውም፣ “እደግ” የሚል መልእክት የሚቀበለውም በከፊል በእነሱ ነው። ሰንሰለቶቹን ፕሮቲን ላይ የሚቀጥሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሂደቱ ግላይኮሲሌሽን ይባላል።

ከኢንዛይሞቹ አንዱ ኤስቲ6ጋል1 ነው። ሥራው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሳያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር መሰካት ብቻ ነው። ሳያሊክ አሲዱን ደግሞ ሴሉ ራሱ ይሠራዋል፤ ሻይ ያለ ስኳር ስለጠጣችሁ አይቆምም።

ይህ ኢንዛይም የግሊዮብላስቶማን ተመራማሪዎች ግራ አጋብቷል። ግሊዮብላስቶማ አዋቂዎችን ከሚይዙ የአንጎል ካንሰሮች እጅግ ክፉው ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ቆርጦ ቢያወጣም፣ ወደ ጤናማው አንጎል ሾልከው የገቡ ሴሎች ይቀራሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ትልቅ ጥናት ጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለው ኬሞ ሲጨመር፣ የሕሙማኑ ግማሽ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ አለ። ሁለት ወር ተኩል! ትልቅ ድል የተባለው እሱ ነው።

በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የኢንዛይሙን ጂን የአንጎል ካንሰር ሴሎች ውስጥ ከተው፣ ሴሎቹን አይጥ አንጎል ውስጥ ተከሉ። ዕጢ አልበቀለም። ኢንዛይሙ ወዳጅ መሰለ። በ2022 ደግሞ በበርሚንግሃም፣ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሌሎች ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ቀነሱት፤ የዕጢው እድገት ተዳከመ፣ አይጦቹም ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ጠላት ሆኖ አረፈው!

ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። የ2001ዱ ሴሎች ለብዙ ዓመታት ላብራቶሪ ውስጥ ሲራቡ የኖሩ ናቸው፤ የ2022ቶቹ ከሕሙማን ዕጢ የተገኙ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፣ ለእውነተኛው በሽታ ይቀርባልና።

“እንግዲያው ኢንዛይሙን እንዝጋው” ብትሉ ግን ቀላል አይደለም። ጉበትም ይጠቀምበታል፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎችም። ይህ ጂን የጠፋባቸው አይጦች የመከላከል አቅማቸው ተዳክሞ ታይቷል። መድኃኒቱ ቢሠራ እንኳ ደም ወደ አንጎል የሚያሳልፈውን እየመረጠ የሚያግደውን አጥር አልፎ፣ ዕጢውን ብቻ ማግኘት ይጠበቅበታል።