የልጃገረዶች ማኅበር አንድ ዓመት

ፊደል ቆጥራችሁ ጨርሳችሁ ራሳችሁ ማንበብ ለጀመራችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሴቶች ልጆቻችሁ ነው። በተለይ በጎሮና በዙሪያዋ፣ በሮቤና በጎባ ገጠሮች ለምትኖሩ እናቶችና አባቶች ነው የምንናገረው። ሌላውም ቢሰማ አይከለከልም።

ልጃገረዶች የራሳቸው ማኅበር ሊኖራቸው ይገባል ወይ? ቢኖራቸውስ ዓመቱን ሙሉ ምን ይሠሩበታል? አንዳንድ አባት «ተሰብስበው ወሬ ሊያወሩ ነው» ይላል። እስቲ እንየው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር አስቡ። ወንዱ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ጓደኛ አለው። ኳስ ሲጫወት ጓደኛ አለው። ገበያም ብቻውን ይሄዳል። እናትስ? ዕድር አላት፣ ዕቁብ አላት፣ ለቡና የምትጠራት ጎረቤት አለቻት። የአርሲ ኦሮሞ እናት ደግሞ ሲንቄ አላት። ሲንቄ እናት ለልጅዋ በሠርግዋ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር እንደ ሆነች እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ሴት ስትበደል እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ደፍሮ የሚያልፋቸው የለም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሲንቄ የሚሰጠው ለምታገባ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ሲንቄ የላትም። ዕድርም የላትም። ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናሾችዋን ታዝላለች። ከትምህርት ቤት ከቀረች ደግሞ እኩያዋን የምታገኘው በምንጭ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ስለ እርስዋ በቤት ውስጥ ነገር ሲቆረጥ የምታማክረው ሰው የላትም። የልጃገረዶች ማኅበር የሚቋቋመው ለዚህ ነው።

አሁን ከባሌ ወጣ ብለን ወደ አማራ ክልል እንሂድ። ወደዚያ የምንሄደው እዚያ የተሠራው ሥራ በሚገባ ስለ ተመዘነ ነው። ሞሰቦ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች። በ1996 ዓ.ም. በሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተጀመረ። የሔዋን ብርሃን ማለት ነው። የጀመሩት የመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ፖፑሌሽን ካውንስል የሚባል የጥናት ድርጅት ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ልጅን ከ15 ዓመትዋ በፊት መዳር የተለመደ ነበር።

ከአካባቢው ሴቶች መካከል መካሪዎች ተመረጡ። መካሪ ማለት ልጆቹን የምትሰበስብ፣ የምታስተምርና ችግራቸውን የምትሰማ ጎልማሳ ሴት ናት። ትምህርት ቤት ለምትሄደው ልጅ ደብተርና እርሳስ ተሰጣት። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለችው፣ ገና ያላገባችው፣ በሳምንት 5 ቀን ከእኩዮችዋ ጋር እየተሰበሰበች ፊደልና ቁጥር፣ ሙያና የጤና ትምህርት ተማረች። ያገቡት ልጆች ለብቻቸው በሳምንት አንድ ቀን ተሰበሰቡ። ያገባች ልጅ ጊዜዋ የራስዋ አይደለማ! የቀበሌው ሰዎችም ተቀምጠው ስለ ልጅ ጋብቻ ተነጋገሩ። ልጅቱ ስብሰባዋን ተከታትላ፣ ሳትዳር፣ ሁለቱን ዓመት ስትጨርስ ለቤተሰቡ የቤት እንስሳ ተሰጠ።

«ይህማ ጉቦ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ጉቦ አልለውም። ድሃ አባት ልጁን የሚድራት ጠልቶአት አይደለም። አንድ አፍ ይቀንስልኛል፣ ዘመድ አበጃለሁ ብሎ ነው። አንድ እንስሳ በበረቱ ሲጨመርለት፣ ልጅቱ እቤት መቆየትዋ ኪሣራ አይሆንበትም።

በ1998 ዓ.ም. ሥራው ተመዘነ። ሞሰቦ ሥራው ካልደረሰባት ሌላ ቀበሌ ጋር ተነጻጸረች። ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ ልጆች አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን አንደብቃችሁም። ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑት የሞሰቦ ልጆች ከሌላው ቀበሌ ልጆች ይልቅ ይበልጥ አግብተው ተገኙ። ወላጅ «15 ሞልቶአታል፣ አሁንስ ይበቃል» ያለ ይመስላል። በሕጉ ግን 15 ዓመት አይበቃም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። ያ ተሽሮአል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ 18 ይላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። ከ13 እስከ 18 ያለችን ያገባ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ማኅበር በጎሮ ቢቋቋም ዓመቱ እንዴት ያልፋል? የሞሰቦን እንዳለ ቀድተን አናምጣ። የእናንተ አገር በዓመት ሁለት አዝመራ አለው፤ ገና እና ቦና። (ገና ስንል የልደትን በዓል አይደለም፣ የበልጉን አዝመራ ነው።) ሁለት አዝመራ ለጎተራ በረከት ነው። ለልጅቱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሥራ ይበዛባታል፤ ሁለት ጊዜ ከትምህርትዋ ልትቀር ትችላለች።

መስከረም የምዝገባ ወር ነው። ከ15 እስከ 20 ልጆች ለአንዲት መካሪ ይበቃሉ። ከዚያ ከበዛ ስም መጥሪያ እንጂ ማኅበር አይሆንም። የመሰብሰቢያውን ቀን ስትመርጡ የገበያን ቀን ተዉት። ቦታው ከምንጩ መንገድ ባይርቅ ጥሩ ነው፣ ልጅቱ እንስራዋን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ቋንቋው ልጆቹ እቤት የሚናገሩት ይሁን። በኦሮሚያ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቱ አፋን ኦሮሞን የሚጽፈው በቁቤ ስለ ሆነ፣ ከትምህርት ቤት የቀረችውም ቁቤን ብትማር ወደ ክፍልዋ ለመመለስ ይቀላታል።

ጥቅምትና ኅዳር የትምህርት ወራት ናቸው። ንባብና ሒሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስለ ወር አበባም ይነገራቸው። ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን ደም ስታይ የታመመች ይመስላታል። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፎ መስፋት፣ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት አንድ ቀን የሚበቃው ትምህርት ነው። እናት ካፈረች መካሪዋ ትንገራት።

አሁን ወደ ታኅሣሥና ጥር ደረስን። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የቦና ስንዴና ገብስ ይደርሳል። ኮምባይነሩ በየማሳው ይዞራል። እህል ይሸጣል፣ እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፣ ለሠርግም ይታሰባል። ሽማግሌም የሚላከው በዚህ ወቅት ነው። ልጅቱ ራስዋ መጥታ «ሊድሩኝ ነው» ላትል ትችላለች። ታፍራለች፣ ወይም አልሰማችም። የሚናገረው መዝገቡ ነው። በየስብሰባው የልጆቹ ስም ይጠራል፤ የመጣች ምልክት ይደረግላታል። ሁለት ጊዜ የቀረች ልጅ ካለች መካሪዋ በዚያው ሳምንት ወደ ቤትዋ ትሂድ። ለክስ አትሂድ፣ «ልጄ ጠፋችብኝ፣ ታማ ይሆን?» ብላ ለቡና ትሂድ። ነገሩን የምትሰማው እዚያ ነው። ያን ጊዜ ከአባትየው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ካስፈለገም የሃይማኖት አባት፣ የአገር ሽማግሌ ይጨመራል። ድንኳን ከተተከለ በኋላ ግን ማስቀረት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ስብሰባ ሁሉ አንድም የማይታጠፍ የታኅሣሥና የጥር ነው።

በዚሁ በበጋው፣ የወይብ ወንዝ ሲጎድል፣ ልጆቹን ሶፍ ዑመር ዋሻ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ከባሕር ማዶ ሰው የሚመጣበትን ዋሻ የጎሮ ልጅ ሳታየው ማደግ የለባትም።

የካቲትና መጋቢት የገና እርሻ ነው፤ ስብሰባው ቢያጥር አይጎዳም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በዚያ ወር ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሚያዝያና ግንቦት ለቁጠባ ይመቻሉ። ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው፣ ጫጩት አሳድገው፣ የገባውንና የወጣውን በደብተር ይጻፉ። ሒሳብ የሚገባው እንዲህ ሲሠራበት ነው። ሰኔ የፈተና ነው።

ብዙ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማኅበሩንም ይዘጋል። ይህ ስሕተት ነው። የገና አዝመራ የሚሰበሰበው፣ የቦናም የሚዘራው በእነዚህ ወራት ነው። መምህር የለ፣ ክፍል የለ፤ ልጅቱ ብትጠፋ ማን ያውቃል? በወር ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን ይሰብሰቡ፣ መዝገቡም ይጠራ።

መዝገቡን ማን ይያዝ? እናንተ ናችኋ! በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው ፊደል ቆጠሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የገዛ ልጃቸው የተወለደችበት ቀን በየትም አልተጻፈም ነበር። ዛሬም «ስንት ዓመትዋ ነው?» ሲባል አንዱ 14፣ አንዱ 18 ይላል። ቀኑ ካልተጻፈ ሕጉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደት በቀበሌ ይመዘገባል። ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ነው።

በሉ አሁን ደብተራችሁን አውጡ። በአንድ መስመር የልጃችሁን ስም ጻፉ። በሁለተኛው መስመር የተወለደችበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ቀኑ ከጠፋባችሁ «የገና አዝመራ ሲታጨድ» ብላችሁም ቢሆን ዓመቱን ጨምራችሁ ጻፉ። በሦስተኛው መስመር 18 ዓመት የሚሞላትን ዓመተ ምሕረት ደምራችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን ለልጅቱ አንብቡላት።