ውሻ ያዙልኝ፦ መታ መታ ማድረግ ፍርሃትን ያበርዳል?

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ በቅንጭብ የታጠረ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆመናል። ወዳጄ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መዝገቧን የያዘውን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ እንደ አገሩ ወግ ከአጥሩ ውጭ ሆና «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ብላ ተጣራች። ቀድሞ የመለሰላት ውሻው ነው። አንድ ቡላ ውሻ ከጎተራው ሥር ተነስቶ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ተወርውሮ ጮኸ። መታሰሩን ሁለታችንም አይተናል። እሷ ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ መዳፏ በላብ ራሰ፣ ጉልበቷ ከዳት። ከንፈሯ ደርቆ «ሌላ ቀን እንመለሳለን» አለችኝ። በዚያ ቤት አራስ ነበረች። ሳናያት ተመለስን።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሐሳቡ ጤናን ከጤና ጣቢያ አውጥቶ እስከ ሰው ደጃፍ ማድረስ ነበር። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ደግሞ በየደጃፉ ውሻ አለ። ጥጃውንና በጉን ከጅብ፣ በረቱን ከሌባ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እንግዳን ቢጮህበት ሥራው ስለሆነ ነው። ወዳጄ በስምንት ዓመቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ባቷን ውሻ ነክሷታል። ከዚያ ወዲህ የቀበሌዋን መንገድ የምታውቀው በውሾቹ ነው፤ የትኛው ቤት በጓሮ እንደሚዞር፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይደፈር። የምትፈራው እያፈረች ነው፤ የሚያንገበግባት ግን ያላየቻቸው እናቶች ናቸው።

አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየችኝ። አንዲት ሴት ፊቷንና ደረቷን በጣቶቿ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ፍርሃቷ እንደለቀቃት ትናገራለች። «ይሠራል እንዴ?» አለችኝ። እንዲሁ «አዎ» ወይም «የለም» ብዬ ልመልስላት አልፈለግሁም፤ ጥናቶቹን አነበብኩ፣ ከእሷም ጋር ሞከርነው። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የሰጠኋት መልስ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

አባቶቻችን የፍርሃትን አሠራር በዚህ በአንድ ምሳሌ ጨርሰውታል። እባብ አንድ ጊዜ ያስደነገጠው ሰው መሬት ላይ የተጣለ ልጥ ሲያይ ይሸሻል። ልጡ አይናደፍም፤ አእምሮ ግን ለማጣራት ጊዜ አይሰጥም።

በአንጎላችን ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ዓይንና ጆሮ የአደጋ ምልክት ሲያመጡ የማስጠንቀቂያውን ደወል በመደወል ትልቅ ድርሻ ያለው እሱ ነው። አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ለሩጫ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው «ታስሯል እኮ» የሚለው ረጋ ያለ ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ነው። ደወሉ ሕይወት ያድናል። ችግር የሚሆነው አደጋ በሌለበትም መደወሉን ሲቀጥልና ሰውን ከሥራው፣ ከመንገዱ፣ ከኑሮው ሲያስቀረው ነው። ባለሙያዎች ያን ጊዜ ፎቢያ ይሉታል። በ22 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው ከመቶ ሰው 7.4 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ የሆነ ጊዜ ላይ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይይዘዋል። የእንስሳት ፍርሃት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የሥነ ልቦና ሊቁ ስታንሊ ራችማን ፍርሃት የሚገባባቸውን ሦስት በሮች ዘርዝሯል። አንዱ ራስ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ ወዳጄን የነከሳት ውሻ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው የሌላውን ፍርሃት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቿ በቤተ ሙከራ ያደጉ፣ እባብ አይተው የማያውቁና የማይፈሩ ጦጣዎች ሌላ ጦጣ በእባብ ሲደነግጥ አይተው ብቻ እባብ መፍራት እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ሦስተኛው በወሬ የሚመጣ ነው። የሚያለቅስ ልጅ «ዝም በል፣ ጅብ መጣ!» ሲባል ያላየውን አውሬ መፍራት ይማራል።

ፍርሃቱ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚቀልበው መሸሽ ነው። ወዳጄ ከዚያ ደጃፍ ስትመለስ ልቧ ወዲያው ረጋ። አንጎሏም «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ መዘገበ። ገመዱ አይበጠስ እንደነበር፣ ባለቤቲቱ ወጥታ ውሻውን ትገሥጸው እንደነበር የሚማርበት ዕድል አላገኘም። በሸሸች ቁጥር ፍርሃቷ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ያገኛል።

መታ መታው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ካላሃን ውኃ እጅግ የምትፈራ አንዲት ታካሚ ነበረችው። እሱ እንደሚተርከው ከዓይኗ በታች ያለው አጥንት ላይ በጣት መታ መታ ሲደረግ ፍርሃቷ ወዲያው ለቀቃት። ካላሃን ከዚህ ተነስቶ የራሱን የሕክምና ዘዴ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በትምህርቱ መሐንዲስ የሆነው ጋሪ ክሬግ ዘዴውን አቅልሎ ኢ.ኤፍ.ቲ. በሚል ስም አሰራጨው።

አደራረጉ ቀላል ነው። ሰውየው የሚፈራውን ነገር እያሰበ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይገምታል። የእጁን ጠርዝ መታ መታ እያደረገ «ይህ ፍርሃት ቢኖርብኝም ራሴን እንዳለሁ እቀበላለሁ» የሚል ቃል ይደጋግማል። ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ የቅንድቡን መነሻ፣ የዓይኑን ጎን፣ ከዓይኑ በታች፣ ከአፍንጫው በታች፣ አገጩን፣ ከአንገቱ ሥር ያለውን አጥንት፣ ከብብቱ በታችና አናቱን በየተራ መታ መታ ያደርጋል። በመጨረሻ ፍርሃቱን እንደገና ይገምታል።

የዘዴው መሥራቾች ማብራሪያቸውን የወሰዱት በጥንታዊው የቻይና ሕክምና ከሚነገረው፣ በሰውነት ውስጥ ኃይል የሚፈስባቸው መስመሮች አሉ ከሚለው ትምህርት ነው። መታ መታው የታገደውን ኃይል ይከፍታል ይላሉ። የሰውን አካል ከፍተው ያጠኑ ሐኪሞች ግን ደም ሥርና ነርቭ እንጂ እንዲህ ያለ መስመር አላገኙም።

ፈተናው ምን አሳየ?

ማብራሪያው ስህተት ቢሆንም ዘዴው ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ መፈተን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ ስቲቭ ዌልስና ባልደረቦቹ ትንንሽ እንስሳትን የሚፈሩ 35 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ ያህል መታ መታ ሲያደርጉ ሌሎቹ በሆድ የመተንፈስ ልምምድ ሠሩ። መታ መታ ያደረጉት ፍርሃታቸው በአብዛኞቹ መለኪያዎች ይበልጥ ቀነሰ፤ ወደሚፈሩት እንስሳም ይበልጥ መቅረብ ቻሉ።

በዚያው ዓመት ካናዳ ውስጥ ዌንዲ ዌይትና ማርክ ሆልደር አንድ ብልህ ጥያቄ ጨመሩ፦ የምንመታው ቦታ ለውጥ ያመጣል? 119 ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ትክክለኛ የተባሉትን ቦታዎች መታ፤ ሁለተኛው ክንዱ ላይ እንዲሁ የተመረጡ ቦታዎችን መታ፤ ሦስተኛው አሻንጉሊት መታ፤ አራተኛው ምንም አልመታም። የሦስቱም መቺ ቡድኖች ፍርሃት ቀነሰ፤ የአራተኛው አልቀነሰም። አሻንጉሊት የመታው እንኳ ተጠቀመ!

ይህን ሳነብ እናቶቻችን ትዝ አሉኝ። ሕፃን ሲያለቅስ በአንቀልባ አዝለው ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረጉ «እሹሩሩ» ሲሉት ዝም ይላል። የትኛው ነጥብ ላይ ቸብ ይደረግ ብላ የጠየቀች እናት የለችም። እኔ እንደገባኝ የመታ መታው ጥቅም ከቦታው አይመጣም። እጅ ሥራ ያገኛል፣ ሐሳብ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ ትንፋሽ ይረጋል። ከሁሉ በላይ ሰውየው የሚፈራውን ነገር ሳይሸሽ በሐሳቡ ፊት ለፊት ይዞ ይቆያል።

ደረጃ በደረጃ መቅረብ

ሳይንስ ለእንስሳት ፍርሃት ጠንካራ ማስረጃ ያገኘለት መንገድ ደግሞ ይኸው ፊት ለፊት መቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ታሪክ ጻፈች። ፒተር የሚወደውን ነገር እየበላ ሳለ ጥንቸሏ በጎጆዋ ውስጥ እንዳለች ከሩቅ ትቀመጣለች፤ በየጊዜው ትንሽ ትቀርባለች። ጥንቸል የማይፈሩ ልጆችም አብረውት እንዲሆኑ ተደረገ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን በእጁ ዳሰሳት። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ስዊድናዊው ላርስ-ጎራን ኧስት ይህ ሥራ በባለሙያ እጅ እስከ ሦስት ሰዓት በሚወስድ አንድ ቀጠሮ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ።

እኛም ከወዳጄ ጋር ደረጃ ሠራን። ስልክ ላይ ያለ የውሻ ፎቶ 4 ሰጠችው፤ ቡችላ 6፤ በሠላሳ እርምጃ ርቀት የታሰረ ውሻ 8፤ የዚያ ደጃፍ ውሻ 10። በፎቶው ጀመርን። መታ መታ ማድረጉን አልከለከልኳትም፤ እጇን ካሳረፈላት ምን ክፋት አለው? አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ ፍርሃቷ ሳይበርድ ዓይኗን አታነሣም።

ለቡችላው ፍኖተ ሰላም የማውቃቸው አንዲት እናት ቤት ሄድን። በርበሬ በተሰጣበት ግቢ ጥግ ላይ ቡችላው ተኝቷል። «ነይ ልጄ፣ ጥርስ እንኳ በቅጡ የለውም» አሏት። «እማማ፣ እርስዎ ያዙልኝ» አለች፤ ያዙላት። በመጀመሪያ ከሩቅ አየች፣ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ጣት ዘርግታ ጀርባውን ነካች። «ይሞቃል» አለች፣ ተገርማ። ለሃያ ዓመታት የሸሸችውን እንስሳ ሙቀት ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ይገባል። አዲሱ ትምህርት አሮጌውን ፍርሃት አይፍቀውም፤ በላዩ ላይ ይጻፋል እንጂ። ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ ባደረገው ጥናት የጠፋ የመሰለ ልማድ ከዕረፍት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ አይቷል። ስለዚህ ልምምዱ መደጋገም አለበት፤ በተለያየ ቦታ፣ ከተለያየ ውሻ ጋር። ማንንም ሳያስገድዱ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ካለና ረጋ ካለ እንስሳ ጋር መጀመር ይገባል። ፍርሃቱ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ወይም ኑሮን የሚያውክ ከሆነ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ

ፍርሃትን ማብረድ ማለት ጥንቃቄን መጣል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሕመምተኛው አይተርፍም የሚባልበት በሽታ ነው። በዓለም ዙሪያ በሰው ላይ ከሚደርሰው ወደ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባህላዊ መድኃኒትም ሆነ ጠበል ክትባቱን አይተካም። የማያውቁት ውሻ ሲጮህ አለመሮጥ፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ጎን ሰጥቶ በዝግታ ማፈግፈግ ይገባል። ባለቤቱን ሳይጠሩ አለመግባትም ጨዋነትም ብልሃትም ነው።

የቀረውን ደረጃ ተለማምደን ወደዚያ ቅንጭብ አጥር የተመለስነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ቡላው ውሻ እንደ ልማዱ ተወርውሮ ጮኸ። ወዳጄ ከአንገቷ ሥር ያለውን አጥንት ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገች። «ስንት?» አልኳት። «ስድስት» አለች። ስድስት ትንሽ አይደለም፤ እግሯ ግን ወደ ኋላ አልተራመደም። «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ስትል ባለቤቲቱ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች፤ ገመዱንም በአጭሩ ያዘችላት። ወዳጄ በውሻው በኩል አልፋ ገባች፤ መደብ ላይ ተቀምጣም መዝገቧን ከቦርሳዋ አወጣች።