የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ፎቶ እንዴት ይሠራል?

ሐምሌና ነሐሴ የምዝገባ ወራት ናቸው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ የሚወስዱት መንገዶች ዳርና ዳራቸው በባነር ይሞላል። ስልካችንም ከቴሌግራምና ከፌስቡክ በሚመጣ ፎቶ ይጨናነቃል። ሁሉም ላይ የሚታየው ተመሳሳይ ነው፤ አረንጓዴ ሣር፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የተተኮሰ ዩኒፎርም የለበሱ ሳቂታ ልጆች፣ ከኋላቸው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ። ቀና ስንል ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ፎቶው ውሸት ነው ለማለት አይደለም። በሌላ ወር፣ በተመረጠ ሰዓት፣ በተመረጠ ቦታ ላይ ቆሞ የተነሣ ነው። ወላጅ ማወቅ ያለበትም ፎቶ አንሺው መቼና የት እንደቆመ ነው።

በነዚህ ከተሞች ፎቶ ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙው ቤተሰብ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ ወይም እንደምንም ቦታ አግኝቶ ወደ ዳር የወጣ ነው። «የእኔ ልጅ እዚያ ተምሮ ጥሩ ሆኖለታል» የሚል የቆየ ጎረቤት ገና አላፈራም። ሌላው ምክንያት ግቢው ራሱ ነው። መሐል ከተማ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ያሉት በተከራዩት መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ የኬጂ ክፍል ይሆናል፣ ጋራዡ ላይብረሪ፣ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ መኪና ማቆሚያዋ ላይ ይጋፋሉ። ወጣ ብሎ የሚከፈት ትምህርት ቤት እንግዲህ የሚሸጠው ይህንን የጠፋ ነገር፣ ሜዳን ነው። ሜዳ ደግሞ በወሬ አይታመንም፤ ማሳየት ይጠይቃል።

ከወሩ እንጀምር። በእኛ አገር ለግቢ ፎቶ ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ግድግዳው ለትምህርት መክፈቻ ተቀብቷል፣ የልጆቹም ሹራብ ገና ክርኑ ላይ አልሳሳም። ያው ሜዳ የካቲት ላይ ቡናማ ነው፣ ሐምሌ ላይ ረግረግ። ብልህ የትምህርት ቤት ባለቤት ጥቅምት ላይ አስነሥቶ ለነሐሴ ያስቀምጣል። ፎቶው ጥግ ላይ አደይ አበባ ካያችሁ ወሩን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ይህ ልዩነት ከሁሉም ይልቅ የሚጎላው ሱሉልታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ የተዘረጋው ሜዳማ አገር በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ እንደዚያ ለፎቶ የሚመች ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ፀሐይም የራሷ ሥራ አላት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሕንፃ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ግንባሩ ጥላ ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ በታኅሣሥ ከፊት ለፊት ያነሣ ሰው የሚያገኘው ጠቆር ያለ ግድግዳና የነጣ ሰማይ ነው፤ ባለሙያው ግን በግንቦት ጠዋት ይመጣል፣ አለዚያም ከጎን ያነሣዋል። ነገሩ ለወላጅም ቁም ነገር አለው። ሱሉልታን በመሰለ ደጋ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ብቻ የሆነ ክፍል ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ አይገባበትም። የአምስት ዓመት ልጅ በውርጭ ጠዋት ተቀምጦ ፊደል የሚቆጥርበት ክፍል ነውና መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሰዓቱን በአጭሩ ልለፈው። ጥሩው ብርሃን ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለው ነው። ጥላው አጭር፣ ግቢው ባዶ የሆነ ፎቶ ካያችሁ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቀትር ላይ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ሲሞሉት ግቢው ምን እንደሚመስል አይነግራችሁም።

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ሌንሱ ላይ ነው። የስልካችን ዋና ካሜራ ወደ ጎን 70 ዲግሪ ገደማ ያያል። 0.5 የሚለውን ስንጫን የሚከፈተው ሰፊው ሌንስ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ያያል። ሰፊ ሌንስ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ያሸሻል፣ በመካከል ያለውን ርቀት ይለጥጣል። ከፎቶ አንሺው እግር ሥር ያለው ሣር የፎቶውን ግማሽ ይይዛል፤ 30 ሜትር ላይ ያለ ሕንፃ ሁለት እጥፍ የራቀ ይመስላል። የቮሊቦል ሜዳ 18 በ9 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ሌንስ ከማዕዘኑ ላይ ቁጢጥ ተብሎ ሲነሣ ግን ኳስ ተጫዋች ሁሉ የሚቋምጥለት ሜዳ ይሆናል። ምልክቱን ከፎቶው ዳርና ዳር ፈልጉ። ዳር ላይ የቆመ ልጅ ትከሻው ወደ ጎን ከተሳበ፣ የሕንፃው ቋሚዎች ወደ መሐል ካዘመሙ፣ ሰፊ ሌንስ ገብቷል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ አጥሩ ላይ አለ። ያልተለሰነ የብሎኬት አጥር ፎቶው ውስጥ ከታየ ሜትር በእጃችሁ ገባ። አንድ ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አምስቱ ጎን ለጎን ሁለት ሜትር ይሆናሉ። ፎቶውን በጣታችሁ አጉሉና ከአንዱ ኮለን እስከ ቀጣዩ ያለውን ቁጠሩ። ስምንት ብሎኬት ካለ ከኮለኑ ጋር ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ክፍተት ሰባት ጊዜ ከተቆጠረ፣ ያ «ሰፊ የመጫወቻ ሜዳ» በዚያ በኩል 25 ሜትር አይሞላም። ሌንስ ብሎኬቱን ይለጥጠው ይሆናል እንጂ ቁጥሩን አይጨምርም። ክፍል ውስጥም ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ዘዴው ያው ነው፤ የአንዱን ሴራሚክ ስፋት ጠይቁና ቀሪውን ቁጠሩት። ዴስኩንም እግረ መንገዳችሁን ቁጠሩ። ሦስት ረድፍ በስምንት 24 ዴስክ ነው፤ ሁለት ሁለት ከተቀመጡ 48 ልጅ፣ ሦስት ሦስት ከሆኑ 72። «የተማሪ ቁጥራችን የተመጠነ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ረጅም ሌንስ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሩቁን ያቀርባል። ሰበታ ላይ ወጨጫ ተራራን ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የተደገፈ ማስመሰል ለባለሙያ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ርቆ ቆሞ ማጉላት ብቻ ይበቃል። ይህኛው ጉዳት የለውም፣ ተራራው አይሸጥም።

ቡራዩ ላይ ልብ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ከተማው ተዳፋት ይበዛበታል፣ ፎቶ ደግሞ ዳገት ይበላል። ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ የተነሣ ግቢ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። ዳገቱን የሚያጋልጡት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፦ ደረጃዎች፣ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ፣ በአንዱ ጫፍ ከፍ በሌላው ዝቅ ያለ የሕንፃ መሠረት። እነዚህን ካያችሁ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ተደልድሎ እንደሆነ፣ የዝናቡ ጎርፍስ በየት በኩል እንደሚወርድ ጠይቁ።

ድምፅ ፎቶ ውስጥ አይገባም። ሰበታ የጅማ መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ከመንገዱ ዳር ያለ ክፍል ውስጥ መምህሩ አረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ቆም ማለት ሊኖርበት ይችላል። እዚያው ሰበታ በመላ አገሪቱ የሚታወቀው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ የዚያ ተማሪዎች ግቢያቸውን በጆሮና በእግር ያውቁታል፣ ደረጃውን፣ ቦዩን፣ የሚያስተጋባውን ኮሪደር። እኛ ዓይናማዎቹ ይህን ሁሉ ፎቶ ሲያምር እንረሳዋለን። ትምህርት ቤቱ ቪዲዮ ካለው፣ ሙዚቃ ያልተጫነበትን ላኩልን በሉ።

ከሁሉ ይልቅ የማይታየው ግን መንገዱ ነው። የትምህርት ቤት ፎቶ ከበሩ ወዲያ አይጀምርም፤ ካሜራው ሁልጊዜ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቆማል። እናት ደውላ «ወንድሜ፣ ከአስፋልቱ ሩቅ ነው?» ስትል፣ ስልኩን ያነሣው ሰው «ቅርብ ነው እናቴ፣ ባጃጅ አለ» ይላታል። ባጃጅ አለ ማለት በእግር ቅርብ አይደለም ማለት ነው። ኮብልስቶን የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ቀይ አሸዋ ፈሶበት እንደሆነ፣ የተማሪ ሰርቪሱ በክረምት እስከ በሩ ይደርስ እንደሆነ ወይስ ልጆቹን አስፋልት ላይ አውርዶ ይመለስ እንደሆነ፣ በአንድ ፎቶ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ያንን ፎቶ የሚያነሣ ጠፋ እንጂ።

የፎቶው ዕድሜም ይታወቃል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። የበሩ ታፔላ ላይ አሁንም «የሰበታ ከተማ አስተዳደር» የሚል ከተነበበ፣ ወይ ታፔላው አልተቀየረም ወይ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሣ ነው። የኬጂ ክፍል ግድግዳም ብዙ ያወራል፤ የተለጠፈው ቁቤ ነው፣ ፊደል ነው፣ የእንግሊዝኛ ሆሄ ነው ወይስ ሦስቱም? ለልጃችሁ የማስተማሪያ ቋንቋ ከብሮሸሩ መፈክር ይልቅ እዚያ ይታያል። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ልጅ ፎቶ የለጠፈ ባነር ራሱን ስለሚያጋልጥ አልተችበትም። ዘንድሮ የሚያሳስበው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራው ነው። ሰሌዳውን አጉሉት፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ፊደላችንን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል፣ «ሀ» ይመስልና «ሀ» አይሆንም።

ባነሩ ላይ ስላሉት ልጆችም አንድ ነገር ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ማሳየትም ሆነ ማባዛት ይከለክላል። ቀጣዩ ቁጥር ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ በአደባባይ የተደረገ በዓል አንዱ ነው። የምዝገባ ባነር ግን ንግድ እንጂ በዓል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። የልጅ ፊት፣ ስሙ የተጠለፈበት ዩኒፎርምና የሚማርበት ሰፈር በአንድ ፎቶ ሲገናኙ ልጁን ለማያውቀው ሰው ሁሉ አድራሻ እንደ መስጠት ነው። መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ «የልጄን ፎቶ ለማስታወቂያ መጠቀም ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም» የሚል መስመር መጨመር የሚፈጀው ግማሽ ሣንቲ ሜትር ወረቀት ነው። ፎርሙ ላይ ከሌለ በእጃችሁ ጻፉበት።

ለትምህርት ቤት ባለቤቶችም ምክር አለኝ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላችሁን ምስል ለባነር አትስጡ፤ መተግበሪያው ሲልከው ያሳንሰዋል። ስፋቱ 1280 ነጥብ የሆነ ፎቶ በሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲታተም እያንዳንዱ ነጥብ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የልጆቹ ፊት ከቅርብ ሲታይ የተቆራረጠ ይሆናል። ፎቶ አንሺው ዋናውን በፋይል መልክ ይላክላችሁ። ክፍል ውስጥ ስታስነሡ መብራቱን ሁሉ አብርታችሁ፣ ካሜራውን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ በኩል አቁማችሁ ብርሃኑ ከጎን ይግባ፤ መስኮቱን ፊት ለፊት ካነሣችሁት ልጆቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ካሜራውን በደረት ቁመት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ 0.5ን ተዉት። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስነሡ፤ ከጣሪያው በላይ የሚታየው ቆርቆሮ ለወላጅ የሚጨምረውም ነገር የለም።

ከዚያ ማንም የማይለጥፋቸውን ሦስት ፎቶዎች ለጥፉ፦ ከአስፋልት እስከ በር ያለውን መንገድ፣ የልጆቹን መጸዳጃ ቤት ከነውኃው፣ ትምህርት ላይ ያለ ክፍል ከነልጆቹ ብዛት። ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸውን ፊት ለፊት፣ ሌሎቹን ከጀርባ አንሡ። ሣሩን ሁሉም ያሳያል። መጸዳጃ ቤቱን የሚያሳይ ትምህርት ቤት ግን የሚደብቀው እንደሌለው ሳይናገር ይታወቅለታል፤ ለአንድ ቀን ፎቶ አንሺ ከሚከፈለውም በላይ ይመልስለታል።

እናንተም ወላጆች፣ ፎቶውን ከወደዳችሁት ሂዱ። የምትሄዱት ግን ሌሊት ዝናብ ባደረበት ጠዋት፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግራችሁ ይሁን፤ በመስከረም ልጃችሁ የሚሄድበት ሰዓት ነው።