ያውቁ ኖሯል? ከጤና አዳም ቡና እስከ ተተከለ ሳንባ

በደብረ ማርቆስ ቡና ሲቀዳ ስኒው ላይ ጣል የምትደረገው ጤና አዳም ሜቶክሳለን የሚባል ንጥረ ነገር አላት። በሠለጠነው ዓለም ሆስፒታሎች የተተከለ ሳንባን ሰውነት እንዳይገፋው ለመርዳት የሚውለውም ይኸው ነው።

ሜቶክሳለን ጨለማ ውስጥ እንቅልፋም ነው። አልትራቫዮሌት ኤ የተባለው ጨረር ሲያርፍበት ግን የሴሉን ዲኤንኤ ሁለት ክሮች አጣብቆ ይይዛል፤ ሴሉም መባዛት ያቅተዋል። የጤና አዳም ወይም የሎሚ ጭማቂ የነካው እጅ ፀሐይ ላይ ሲውል ውኃ የሚቋጥረው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ ይብሳል፦ አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጮቄ ተራራ እረኛ ይህን ከቆዳው ያውቀዋል።

ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባይ በሚደርስባት ግብፅ፣ የድንብላል ዘመድ የሆነ ባለ ነጭ አበባ ተክል ከጥንት ጀምሮ ለለምጽ መድኃኒት ነበር። ሕመምተኛው ይወስደውና ፀሐይ ይሞቃል። ሜቶክሳለን ከዚያው ተክል ተነጥሎ ለለምጽ የተሞከረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ በ1963 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ ተደረገ፤ ሕመምተኛው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ቀዶ ጥገናው ተለምዷል፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልብና ኩላሊት ተሸፍነው ሲኖሩ ሳንባ በየትንፋሹ አቧራና ጀርም ይቀበላል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተተከለላቸው ግማሽ ያህሉን ሥር የሰደደ መገፋት ያገኛቸዋል። ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች እየጠበቡ ጠባሳ ይሆናሉ። በአንድ ሰከንድ በኃይል የሚወጣው አየር ከቀድሞው ምርጥ መጠን 20 በመቶ ሲጎድል ሐኪም ይጠረጥራል።

ታዲያ ብርሃኑ ሳንባ ውስጥ ይገባል? የለም! ደም ከክንድ ይቀዳና በማሽን ውስጥ ይሽከረከራል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይለያሉ። ሜቶክሳለን ይጨመርባቸዋል፣ ጨረር ይበራባቸዋል፣ ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ። ፎቶፌሬሲስ ይባላል። የተመለሱት ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ሰውነትም እነሱን ሲያጸዳ ቁጣውን የሚያበርዱ ሴሎችን እንደሚያበዛ ይታመናል። ሌሎቹ መድኃኒቶች መላውን የበሽታ መከላከያ አቅም ሲያዳክሙ ይህኛው ለኢንፌክሽን እምብዛም አያጋልጥም። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው።

ዘዴውን ያስተዋወቁት የዬል ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ኤደልሰን ሲሆኑ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ለቆዳ ሊምፎማ ነበር። ለሳንባ የተሞከረበት ዘገባ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። የጠፋ ትንፋሽ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ በብዙዎች ላይ መውረዱ ይዘገያል፣ በአንዳንዱ ይቆማል፣ ሁሉንም አይጠቅምም።

ከሕክምናው በኋላ ለ24 ሰዓት ከፀሐይ መሸሽና መነጽር ማድረግ ግድ ነው።

በአገራችን ኩላሊት መተካት የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ነው። ሳንባ ገና ነው።

ስኒው ላይ ያለችው ቅጠልስ? መዓዛ እንጂ ሕክምና አይደለችም። እንዲያውም የሜቶክሳለን ዘመዶች የሆኑ በግሬፕፍሩት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ታክሮሊመስ የተባለውን የንቅለ ተከላ መድኃኒት በደም ውስጥ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ ካለዎት ግሬፕፍሩት አይጋብዙት፣ ጤና አዳሙንም ቢሆን ሐኪሙን ጠይቆ ይጠጣ።