ተራው የተዛባ ስም

በሀዲያ ሽማግሌዎች ዘንድ የትውልድ ሐረግ በቃል ይቈጠራል፤ ቈጣሪው አያትን ከአባት ቢያስቀድም ሰሚው ያርመዋል። ጀርመናዊው ምሁር ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የሀዲያ ታሪክ በአብዛኛው ከእንዲህ ያለው የቃል ወግ የተቀዳ ነው።

የታተመ መጽሐፍም አራሚ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው በአራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ውስጥ የገዳዩ በትር የሟቾቹን ጥላ ከኋለኛው ጀምሮ መልሶ ያወጣል። እናት ከአባት በኋላ ስለ ተገደለች ቀድማ መውጣት ሲገባት፥ በመጀመሪያው እትም አባት ቀደመ። አንባቢዎች ስሕተቱን ደረሱበት፤ በኋለኞቹ እትሞችም ታረመ።

ተምረህ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ መዝገብ የምትይዝ ወጣት ሆይ፥ በልብ ወለድ ተራ ቢዛባ የሚጐዳ የለም፤ በመዝገብህ ላይ የአባትና የአያት ስም ቢለዋወጥ ግን ባለጉዳዩ ይጕላላል። ልብ ወለድ በምታነብበት ዓይን መዝገቡንም መርምር።