ሪንገር ላክቴት ምን ይዟል?

በተቅማጥና ትውከት ዝሎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ መጠጣት እንኳ አቅቶት ጤና ተቋም የደረሰ ሕፃን ፈሳሽ የሚያገኘው በደም ሥሩ ነው። በብረቱ ላይ የሚሰቀሉት ከረጢቶች ሲያዩዋቸው ሁሉም ጥርት ያለ ውሃ ናቸው፤ ይዘታቸው ግን ለየቅል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀድመው ሪንገር ላክቴትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲድኒ ሪንገር የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ከአካሉ የወጣ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ሲመታ አየ። ሙከራውን በተጣራ ውሃ ሲደግመው ልቡ ብዙም ሳይቆይ ቀጥ አለ። ለካስ የመጀመሪያው ጨው የተበጠበጠው ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ ኖሯል፤ ልቡን ሲያሠራ የቆየውም በውሃው ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። 

ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ የሴንት ሉዊሱ የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በሪንገር ፈሳሽ ላይ ሶዲየም ላክቴት ጨመረ። ተቅማጥ ከውሃና ከጨው ጋር ባይካርቦኔትንም ጠርጎ ስለሚወስድ የሕፃኑ ደም አሲድ ይበዛበታል። ላክቴቱን ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል።

ሪንገር ላክቴት ከጠፋ ኖርማል ሳላይን ይተካዋል፤ ነፍስም ያድናል። ፖታሲየም ግን የለውም፤ ክሎራይዱም በሊትር 154 ሚሊሞል ነው፣ በደም ውስጥ ያለው 100 ገደማ ሆኖ ሳለ። ስለዚህ የአሲዱን ችግር አያቃልልም። 5 በመቶ ግሉኮስ ብቻውን ደግሞ፣ ስሙ ከሁሉም ቢታወቅም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሰውነት ስኳሩን ሲጨርሰው የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፤ የደሙን ሶዲየም አቅጥኖ አንጎልን ሊያሳብጥ፣ ሕፃኑን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

መጠኑ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ዓመት ያልሞላው 30ውን በ1 ሰዓት፣ ቀሪውን 70 በ5 ሰዓት ይወስዳል፤ ከፍ ያለው 30ውን በግማሽ ሰዓት፣ 70ውን በ2 ሰዓት ተኩል።

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ግን በዚህ ስሌት አይታከምም። የደከመ ልቡ ይህን ያህል ፈሳሽ በአንድ ጊዜ አይችልም፤ በደም ሥሩ የሚሰጠው የደም ዝውውሩ ሲወድቅ ብቻ ነው፣ ያውም በትንሹና በዝግታ።

ሌላው ሕፃን መዋጥ እንደቻለ፣ መርፌው ሳይነቀል፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ድብልቅ) በአፉ ይጀመርለታል፤ በየሰዓቱ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር። ሪንገር ላክቴት ስኳር የለውም፣ ፖታሲየሙም በሊትር 4 ሚሊሞል ብቻ ነው። በኦአርኤሱ ውስጥ ግን 20 አለ፣ ስኳሩም አብሮ።